የበሬ ምራንና የተሳቢ ማያያዣ

ገበሬ ጥማዱን ይዞ ወደ እርሻ ከመውጣቱ በፊት ዕቃውን ይመለከታል። ማረሻው ደንዞ እንደሆነ ያያል። ወገሉ ላልቶ እንደሆነ ይነካል። ድግሩ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመረምራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ምራኑን አይረሳም። ምራን ሞፈርን ከቀንበር ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው። በሬዎቹ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆኑ፣ ማረሻው የቱንም ያህል ስል ቢሆን፣ ምራኑ ከተበጠሰ እርሻው ይቆማል። የበሬዎቹ ጉልበት ወደ ማረሻው የሚያልፈው በዚህች አንዲት ጠፍር በኩል ነውና።

ዛሬ የምንማረው ስለ ምራን ዘመድ ነው። ይኸውም ተሳቢ ከትራክተር ወይም ከመኪና ጋር የሚያያዝበት ብረት ነው። ብረት ስለሆነ ብዙ ሰው የማይበጠስ ይመስለዋል። ነገር ግን ብረትም ያልቃል፣ ይላላል፣ ይሰነጠቃል። ብረትም እንደ ጠፍር ዳሳሽና ቅባት ይፈልጋል።

ያየነውን እናውጋችሁ

በዳባት አካባቢ በአንድ መንደር አድረን ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ያሳደሩን ሽማግሌ ተነሥተው ምራናቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቻቸው መካከል ቀስ አድርገው አሳለፉት። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ኩራዝም አልበራም።

«አባቴ፣ በዚህ ጨለማ ምን ይታይዎታል?» አልናቸው።

«ዓይን ምን ያደርጋል? ጣቴ ያያል እንጂ» አሉን። «ምራን ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ ተበጥሶ አያውቅም። የሚበጠሰው እርሻ መካከል፣ በሬው ሲወጥረው ነው። እኔ ግን የሚበጠስበትን ቦታ ቤቴ ሳለሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በዚያው ሳምንት በዚያው መንደር አንድ ትራክተር ከነተሳቢው መጣ። ትራክተሩ የተከራየ ነው። የጫነው 12 ኩንታል ገብስ ነበር። ከገብሱ ላይ ሴቶችና ልጆች ተቀምጠዋል። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ሽማግሌው «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለነፍሳችሁ እዘኑ! ውረዱና በእግራችሁ ውጡ» ብለው ጮኹ። እየተነጫነጩም ቢሆን ሁሉም ወረዱ።

ትራክተሩ ዳገቱን እኩሌታ እንደ ወጣ ተሳቢው ተለየ። ወደ ኋላ ተንደረደረ፤ ቦዩን ዘሎ ማሳው ውስጥ ተገለበጠ። ሰው አልተጎዳም። ግን ማሳው ውስጥ ታስራ ትግጥ የነበረች የአንዲት ባልቴት ጊደር ሞተች። ለሴትዮዋ ሌላ ጊደር አልነበራቸውም።

ሾፌሩ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ «ምን ይደረግ፣ የብረት ነገር ዕድል ነው» አለ። ሽማግሌው ከመንገዱ ላይ አንድ የተቆለመመ ብረት አነሡ። የቤት መሥሪያ ፌሮ ቁራጭ ነው። ማያያዣውን የሚቆልፈው እውነተኛው ፔርኖ ከጠፋ ሰንብቶ ኖሮ በምትኩ የገባው ይህ ነበር። ከሥር የሚይዘው ቁልፍም አልነበረውም።

«ልጄ፣ ይህ ዕድል አይደለም» አሉት። «ዛሬ ጥዋት ይህን ብረት የዳሰሰው ሰው የለም።»

የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ ከዚህ አንድ ቃል የወጣ ነው።

1. ማያያዣ ሥራው ምንድን ነው?

ማንኛውም ማያያዣ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መያዝ ነው። ሁለተኛው መልቀቅ ነው። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ምራንን ተመልከቱ። ሞፈሩ ከቀንበሩ እንዳይለይ አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን በሬዎቹ ትልሙ ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ፣ ማረሻውም ድንጋይ ነክቶ ሲነሣ፣ ሞፈሩ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል። ምራን ከላላ ሞፈሩ ይዋልላል። ደርቆ እንደ እንጨት ከሆነ ደግሞ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ የበሬውን ጫንቃ ያስጨንቃል።

የተሳቢ ማያያዣም እንዲሁ ነው። ተሳቢውን እንዳይለይ ይይዛል። ትራክተሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ጉድጓድ ሲገባና ጉብታ ሲወጣ ደግሞ ያለ ችግር መዞርና መጎንበስ አለበት። እንግዲህ የማያያዣ ጤንነት ማለት ሳይላላ መያዝ፣ ሳይደርቅ መዞር ነው። በሽታው ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ መጉደል ይመጣል።

2. ሁለቱ የማያያዣ ዓይነቶች

ሀ. ባለ ፔርኖ ማያያዣ። ይህ በትራክተርና በከባድ መኪና ላይ የሚታየው ነው። ከተሳቢው ፊት ለፊት የሚወጣ ረጅም ብረት አለ። የተሳቢው ሞፈር ብንለው ያስኬዳል። በጫፉ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ዓይን አለው። ቀለበቱ ከትራክተሩ ኋላ ባለው መያዣ መካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ፔርኖ የሚባለው ወፍራም ድፍን ብረት ከላይ ወደ ታች ይሰካል። ፔርኖው ከላይ ራስ አለው፤ ከታች ቀዳዳ አለው። በታችኛው ቀዳዳ ውስጥ ኮፒሊያ ይገባል። ኮፒሊያ ፔርኖው ተንጦ ወደ ላይ እንዳይዘል የሚከለክል ትንሽ ቁልፍ ነው። ዋጋው ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ለ. ባለ ኳስ ማያያዣ። ይህ በፒካፕና በትንንሽ መኪና ኋላ የሚታየው ነው። በመኪናው ኋላ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ብረት ቆሟል። በተሳቢው ሞፈር ጫፍ ደግሞ እንደ ተደፋ ኩባያ ያለ ብረት አለ። ኩባያው በኳሱ ላይ ይደፋል። እጀታው ሲጫን ከኩባያው ውስጥ አንዲት የብረት ምላስ መጥታ ኳሱን ከሥር ትይዛለች። በውጭ አገር ብዙ ቤተሰብ በዕረፍት ጊዜው አልጋና ምድጃ ያለውን ባለ ጎማ ቤት በትንሽ መኪና እየሳበ የሚጓዘው በዚህ ማያያዣ ነው።

የኳሱን መጠን ማወቅ ይገባል። በአውሮፓ የተለመደው ኳስ ከጎን እስከ ጎን 50 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ ግን የሚለካው በኢንች ነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ባለ 2 ኢንቹ ኳስ 50.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከእርሱ የሚያንስም አለ፤ እርሱም 47.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትንሹ ኳስ በትልቁ ኩባያ ውስጥ ሲገባ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ግን ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ በኳሱና በኩባያው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ አይያያዙም። ማንበብ መቻላችን ከሚጠቅመን ነገር አንዱ ይኸው ነው።

3. በሽታውን በምልክቱ ማወቅ

የታመመ በሬ በአፉ አይናገርም። አመጋገቡ፣ አረማመዱና ጆሮው ይናገራሉ። ማያያዣም ምልክት አለው። ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ግን ምልክቱ አይጠቅመውም።

የመጀመሪያው ምልክት፦ ስንነሣና ስንቆም «ጓ! ጓ!» የሚል ድምፅ።
ይህ በፔርኖውና በቀለበቱ መካከል፣ ወይም በኳሱና በኩባያው መካከል ክፍተት መኖሩን ያሳያል። ክፍተት ባለበት ጭነቱ ዝም ብሎ አይጎተትም፤ እንደ መዶሻ ይመታል። መዶሻው ክፍተቱን ያሰፋዋል። የሰፋው ክፍተት ደግሞ መዶሻውን ያበረታዋል። መድኃኒቱ ፔርኖውን ማውጣትና መሐሉን መመልከት ነው። መሐሉ ቀጥኖ ወገቡ እንደ ገባ ሆኖ ከታየ ይለወጥ። ቀለበቱም ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ከረዘመ ወደ ባለሙያ ይሂድ። ባለ ኳስ ከሆነ ከኳሱ ሥር ያለው ዳዶ ላልቶ እንደሆነ በመፍቻ ይጥበቅ። ዳዶው ጠብቆ ሳለ የሚናጥ ከሆነ ኳሱ ይለካ። የ50 ሚሊ ሜትር ኳስ አልቆ 49 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ዘመኑ አልፏል፤ ይለወጣል።

ሁለተኛው ምልክት፦ በመታጠፊያ ላይ «ሲጥ ሲጥ» ማለት።
ይህ የደረቅ ብረት ጩኸት ነው። ብረት በብረት ላይ እየተፋቀ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ጠርጎ ግራሶ መቀባት ነው። አቀባቡን በኋላ እናያለን።

ሦስተኛው ምልክት፦ እጀታው አልዘጋ ማለት።
በባለ ኳስ ማያያዣ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል። ወይ ኩባያው ውስጥ ጭቃና ጠጠር ገብቷል። ወይ ኳሱ ከኩባያው ይበልጣል። ወይ ኩባያው በኳሱ ላይ ሙሉ በሙሉ አልወረደም። በጉልበት መርገጥ ወይም በድንጋይ መምታት መፍትሔ አይደለም። ከፍ አድርጎ፣ ውስጡን ጠርጎ፣ ቁጥሩን አይቶ እንደገና መሞከር ነው።

አራተኛው ምልክት፦ አልከፈት ማለት።
ፔርኖው አልወጣ፣ እጀታውም አልነሣ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ተበላሽቶ አይደለም። ተሳቢው እየጎተተው ወይም እየገፋው ስለሆነ ነው። አህያ ገመዱን ወጥራ ሳለ ቋጠሮው አይፈታም። በመጀመሪያ ለተሳቢው ጎማ ታኮ ይደረግ። ከዚያ ሾፌሩ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይበል። ውጥረቱ ሲላላ ይከፈታል። ዝገት ከሆነ ዘይት አንጠባጥቦ መቆየት ነው።

አምስተኛው ምልክት፦ ተሳቢው በመንገድ ላይ እንደ ከብት ጅራት መወዛወዝ።
ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ሞፈሩን ወደ ላይ ያነሣል፤ ከዚያም ይወዛወዛል። መድኃኒቱ አጫጫኑን ማስተካከል ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እጅ አንዱ ያህል በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ጭነቱን ጥቂት ወደ ፊት ማድረግ ነው። ተሳቢው ከነጭነቱ 10 ኩንታል ከሆነ 1 ኩንታል ያህሉ በማያያዣው ላይ ይረፍ። ነገር ግን መኪናው ይችላል ተብሎ ከተጻፈለት ክብደት አይለፍ። የጎማዎቹም ነፋስ እኩል መሆኑ ይታይ።

ስድስተኛው ምልክት፦ ስንጥቅ።
ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ብየዳው ባለበት ቦታ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ከታየ ብረቱ ከውስጥ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ግራሶ አያድነውም። በሽቦ መጠምጠምም አያድነውም። ተሳቢው ይቁም፤ የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ሽቦ ዓይንን ያታልላል እንጂ ጭነትን አያታልልም።

4. ግራሶ እንዴት ይቀባል?

ምራንን ሞራ ወይም ቅቤ እናሸዋለን። ለምን? ጠፍሩ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ነው። በእሳት አጠገብና በጠራራ ፀሐይም አናደርቀውም። ለብረት ግን ቅቤ አይሆንም። ጥሬ ቅቤ ውሃ አለበት፤ ሲሰነብትም ይኮመጥጣል። ውሃና ኮምጣጣ ነገር ብረትን ያዝጋሉ። ለብረት የተሠራው ግራሶ ነው። አንዳንዶች ግሪስ ይሉታል። ላምባና ናፍጣ ደግሞ ቆዳን ያደርቃሉና ምራን አያስነኩ። እያንዳንዱ የየራሱ ቅባት አለው።

ግራሶ ሥራው ምንድን ነው? በሁለት ብረቶች መካከል እንደ ስስ ምንጣፍ ይነጠፋል። ብረት ብረትን እንዳይነካ ይጋርዳል። ውሃ እንዳይገባም ይከላከላል። ነገር ግን ግራሶ አንድ ጠባይ አለው። አቧራን ይስባል። በበጋ የመንገዱ አቧራ ሲገባበት ግራሶው ከአሸዋ ጋር ይለወሳል። በአሸዋ የተለወሰ ግራሶ እንደ ሞረድ ነው፤ ብረቱን ይስለዋል፣ ይበላዋል። ስለዚህ በአሮጌ ግራሶ ላይ አዲስ መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ መድኃኒት እንደ መቀባት ያለ ነው። ዋናው ሥራ መጥረጉ ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ ተሳቢው በደልዳላ ሥፍራ ይቁም። ለጎማው ታኮ ይደረግ። የትራክተሩ ሞተር ይጥፋ።

ሁለተኛ፣ ማያያዣው ይፈታ። አሮጌው ግራሶ በጨርቅ ይጠረግ። የደረቀው በጥቂት ላምባ ወይም ናፍጣ በነከረ ጨርቅ ይታጠብ። በዚህ ጊዜ ሲጋራ ማጨስ ወይም እሳት ማቅረብ ክልክል ነው።

ሦስተኛ፣ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ሲታይ ፔርኖው፣ ቀለበቱ፣ ኳሱና የኩባያው ውስጥ በደንብ ይመርመር። ስንጥቅና እላቂ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ግራሶ ከተቀባ በኋላ ሁሉም ደህና ይመስላል።

አራተኛ፣ አዲስ ግራሶ በስሱ ይቀባ። የእንጀራ ምጣድ ሲሰነግ በዝቶ እንደማይቀባ ሁሉ ይህም አይዛቅ። የበዛው ወጥቶ አቧራ ይሰበስባል እንጂ ጥቅም የለውም። የእጀታውና የምላሷ መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ይደረግ።

አምስተኛ፣ በአንዳንድ ማያያዣ ላይ ግራሶ የሚገባባት ትንሽ የጡት ጫፍ የምትመስል ብረት አለች። እርሷ በመጀመሪያ በጨርቅ ትጠረግ። ከዚያ በግራሶ ፓምፕ አሮጌው በዳር በኩል ወጥቶ አዲሱ ብቅ እስኪል ይሞላ።

ስድስተኛ፣ ተሳቢው ሲፈታ ኳሱ ራቁቱን አይቁም። የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ወይም ወፍራም ፌስታል ይሸፈንበት።

ከሞተር የተቀዳ ጥቁር ዘይት በግራሶ ፋንታ መቀባት የተለመደ ነው፤ ግን ደግ ልማድ አይደለም። በውስጡ የብረት ብናኝና ጥላሸት አለበት። ደግሞም ቀጭን ስለሆነ ወዲያው ይፈስሳል።

አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ዘመናዊ ባለ ኳስ ማያያዣ በኩባያው ውስጥ እንደ ፍሬን ሸራ ያለ ነገር አለው። ሸራው ኳሱን ግራና ቀኝ ጨምቆ ተሳቢው እንዳይወዛወዝ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ኳስ ግራሶ አይቀባም። ግራሶ የነካው ፍሬን አይዝምና። የማያያዣውን ዓይነት ሳያውቁ መቀባት አይገባም።

በሥራ ወቅት በየሳምንቱ መጥረግና መቀባት ጥሩ ልማድ ነው። ማያያዣው ጭቃና ውሃ ውስጥ ካለፈ ግን ሳምንቱ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይጠረጋል።

5. ዳገትና ቁልቁለት

አገራችን ደጋ ነው፤ መንገዳችንም ዳገትና ቁልቁለት ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይኬዳል። ሊማሊሞን ጠምዝዞ የሚወርደው የመኪና መንገድ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ተሳቢ የያዘ መኪና ሲወርድ ያየ ሰው የማያያዣን ጥቅም አስረዱኝ አይልም።

በዳገት ላይ ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎትታል። ማያያዣው ከተለየ የሚሆነውን ከላይ አይተናል። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል። ከኋላው የሚገፋው ጭነት ትራክተሩን ወደ ጎን ሊያዞረውና ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለት ሳይጀመር በከባድ ማርሽ መግባት ነው። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ማርሽ መቀየር ወይም ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ አደገኛ ነው።

ተሳቢ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘው ለዚሁ በተሠራው ዝቅተኛ ቦታ ብቻ ነው። አንዳንዶች ለመመቸት ሲሉ ሰንሰለቱን ከፍ አድርገው ከትራክተሩ ወገብ ላይ ያስራሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ገመዱ ከፍ ብሎ ሲታሰር ትራክተሩ ዳገት ላይ ፊቱን አንሥቶ ወደ ኋላ በሾፌሩ ላይ ሊገለበጥ ይችላል።

ከማያያዣው ሌላ ሰንሰለት መኖር አለበት። ሰንሰለት የማያያዣው ዋስ ነው። ባለዕዳው ሲጠፋ ዋሱ እንደሚያዝ፣ ማያያዣው ሲለይ ሰንሰለቱ ይይዛል። ሁለት ሰንሰለት ካለ ከሞፈሩ ሥር ተሰላቅለው ይታሰሩ። ሞፈሩ ቢወድቅ በመስቀለኛው ላይ ያርፋል እንጂ መሬት አይወጋም። ሰንሰለቱ መሬት እስኪጎተት አይርዘም፤ ሲታጠፍ እስኪወጠርም አይጠር።

በመጨረሻም፣ ሰው በጭነት ላይ አይሳፈር። በተለይ በተሳቢው ሞፈር ላይ መቆም ወይም መቀመጥ ከሞት ጋር መጫወት ነው። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ረዳቱ በትራክተሩና በተሳቢው መካከል አይቁም። ትራክተሩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ይግባ፤ ፔርኖውን ይሰካ፤ ይውጣ።

6. የጥዋት ዳሰሳ

ሽማግሌው ምራናቸውን ለመዳሰስ የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ድረስ እንኳ አይሆንም። የተሳቢውም ዳሰሳ እንዲሁ አጭር ነው። ጥዋት ሞተር ከመነሣቱ በፊት ይህን መጠየቅ ነው፦

ፔርኖው እውነተኛ ፔርኖ ነውን? ወይስ ፌሮ?
ራሱ ወደ ላይ ነውን?
ኮፒሊያው በቦታው አለን?
የኳሱና የኩባያው ቁጥር አንድ ነውን? ምላሷስ ኳሱን ከሥር ይዛለችን?
ዳዶው ጠብቋልን?
ግራሶው ንጹሕ ነውን?
ሰንሰለቱ ታስሯልን?
ብየዳው ላይ መስመር አለን?

ባለ ኳስ ማያያዣ በትክክል መቆለፉን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ። እጀታው ከተዘጋ በኋላ የተሳቢው ሞፈር በክሪክ ከፍ ይደረግ። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ተቆልፏል። ኩባያው ብቻውን ተነሥቶ ኳሱ ከቀረ አልተቆለፈም። ፈተናው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የማኅበር ተሳቢ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የሁሉ የሆነ ዕቃ የማንም አይሆንም። አንዱ «እገሌ አይቶታል» ይላል፤ እገሌም ያንኑ ይላል። ስለዚህ ዳሳሹ በስም ይታወቅ። በደብተር ላይ ቀኑን፣ ያየውንና የለወጠውን ይጻፍ፤ ስሙንም ይፈርም። መጻፍ የተማርነው ለደብዳቤ ብቻ አይደለም።

የዚያች ጊደር ነገር ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የትራክተሩ ባለቤት እንዲክስ ፈረዱ፤ ሰውየውም ከፈለ። ባልቴቲቱ ግን ገንዘቡን በጨርቅ እየቋጠሩ «ይህ ወተት አይሰጥም» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። የፔርኖና የኮፒሊያ ዋጋ ከአንዲት ጊደር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከሰው ሕይወት ጋርማ ጨርሶ አይነገርም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሾፌሩም ትምህርት አገኘ። በማግሥቱ ወደ ዳባት ሄዶ እውነተኛ ፔርኖ ይዞ መጣ። ሊሰካው ሲል ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ጨርቅ አቀበሉት። «ጥረግ፤ ከዚያ ዳስስ፤ ከዚያ ቀባ» አሉት። እኛም ለአንባቢዎቻችን የምንለው ይህንኑ ነው።

አዲስ ቃላት

ተሳቢ — በትራክተር ወይም በመኪና የሚጎተት ባለ ጎማ መጫኛ
ፔርኖ — ሁለት ብረቶችን አያይዞ የሚቆልፍ ወፍራም ድፍን ብረት
ኮፒሊያ — ፔርኖ እንዳይወጣ የሚይዝ ትንሽ ቁልፍ
ዳዶ — ብሎን ላይ የሚጠብቅ ባለ ቀዳዳ ብረት
ክሪክ — መኪና ወይም ተሳቢ ማንሻ መሣሪያ
ታኮ — ጎማ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደረግ ድንጋይ ወይም እንጨት
ከመነዳሪ — በጎማ ውስጥ ነፋስ የሚሞላበት ላስቲክ

ጥያቄዎች

1. የማያያዣ ሁለት ሥራዎች ምንና ምን ናቸው? ከምራን ጋር እያነጻጸራችሁ ተናገሩ።
2. ሽማግሌው «ዕድል አይደለም» ያሉት ለምንድን ነው?
3. በአሮጌ ግራሶ ላይ አዲስ መቀባት ምን ጉዳት አለው?
4. አንድ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከነጭነቱ 8 ኩንታል ይመዝናል። በማያያዣው ላይ ስንት ኪሎ ያህል ማረፍ አለበት? 1 ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑን አስታውሱ።
5. በቀበሌያችሁ ተሳቢ ካለ ሄዳችሁ ማያያዣውን ተመልከቱ። ያያችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ። ጉድለት ካገኛችሁ ለሾፌሩ ንገሩት።